ኃይሌ ገሪማና የአባቴ ዝምታ

በኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ፊልም መክፈቻ ላይ የሚነገር ታሪክ የለም። ይነጋል፤ የገበሬው ቤተሰብ ይነሳል፤ ከብቶቹ ይወጣሉ፤ ሥራ ይጀመራል። ካሜራው ከሩቅ ቆሞ ይመለከታል፤ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈትኩት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤቴ፣ ከሥራ ደክሜ በገባሁበት አንድ ምሽት ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ታግሼ አጠፋሁት። ከወራት በኋላ ደግሜ ሞከርኩ፤ ያኔም ዳር አላደረስኩትም። በሦስተኛው ግን እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ፤ ቀድሞ ከመቀመጫዬ ያስነሳኝ የፊልሙ ርዝመት እንዳልነበረም ያን ጊዜ ገባኝ። ያስነሳኝ፣ ሰውየው ሲሠራ የሚደክመውን ያህል እኔም ቁጭ ብዬ እንድደክም መገደዴ ነበር። በእንጀራ አድጌ፣ ስለ ገበሬው የተገጠመውን ግጥም ሁሉ በትምህርት ቤት በቃሌ ይዤ፣ አንድን የሚያርስ ሰው ለዚያን ያህል ጊዜ ዓይኔን ሳልነቅል አይቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ምሽት ወዲህ የኃይሌ ገሪማን ፊልሞች እየፈለግሁ ሳይ ኖሬያለሁ፤ አንዳንዶቹን አምስትና ስድስት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ተንኳሽ ዳይሬክተር ናቸው ይባላል፤ ቃሉ ትክክል ነው። ነገር ግን በፊልም ዓለም ትንኮሳ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው ተመልካችን በደምና በእርቃን ማስደንገጥ ነው፤ እንዲህ ያለው ድንጋጤ ደግሞ ከአዳራሹ ሲወጡ በር ላይ ይቀራል። የኃይሌ ትንኮሳ ቤት ድረስ ይከተላል። እኔን እስከ አባቴ ወንበር ድረስ ተከትሎኛል፤ ይህንን የምጽፈውም በዚያ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር የተወለዱት ኃይሌ ያደጉት በተረትና በቴአትር መካከል ነው። አባታቸው ስለ አርበኞች ተጋድሎ ቴአትር እየጻፉ ያሳዩ ነበር፤ አያታቸው ደግሞ ማታ ማታ እሳት ዳር ተረት ያወጉላቸው ነበር። በዚያው ከተማ ሲኒማም ነበረ። ኃይሌ ስለዚህ የልጅነት ሲኒማ ሲናገሩ አንድ ነገር ያነሳሉ፦ የታርዛንን ፊልም ሲያዩ፣ አፍሪካውያኑ ከኋላው አድብተው ሊደርሱበት ሲሉ፣ እሳቸውና ጓደኞቻቸው ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ይጮኹ ነበር። በጎንደር ተራሮች ላይ ሲጫወቱም ሁሉም መሆን የሚፈልጉት ካውቦይ ነበር። ይህንን ሳነብ ብዙ ቆየሁ። አባት ጣሊያንን የመከተውን አርበኛ በመድረክ ላይ በሚያቆምበት ከተማ፣ ልጁ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ለነጩ ሰው ይጮሃል፤ ልጁን ያስገደደው ደግሞ ማንም የለም። የሥራቸው ሁሉ መነሻ እዚህ ያለ ይመስለኛል። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቄ ያደግሁ ነኝ፤ ለማን እንጮህ እንደነበረ አልረሳሁትም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ቴአትር ሊማሩ ወደ ቺካጎ መጡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም መማር ጀመሩ። በዚያ ዘመን እነ ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽና ቢሊ ውድቤሪ በዚሁ ትምህርት ቤት አልፈዋል፤ ይህ ትውልድ በኋላ «የሎስ አንጀለስ አመፅ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ኃይሌ እዚያ ሳሉ የሠሩት «ቡሽ ማማ» ዛሬም ሳየው እጄን ያልበኛል። ፊልሙ የሚጀምረው ፖሊሶች መንገድ ላይ ጥቁር ወጣቶችን አስቁመው ሲፈትሹ ነው። ፖሊሶቹ ተዋንያን አይደሉም፤ የሚፈተሹት የፊልሙ ቀረፃ ባልደረቦች ራሳቸው ናቸው፤ ካሜራውም እየሠራ ነበር። ኃይሌ ያንን ቁራጭ ቆርጠው መጣል ሲችሉ የፊልሙ በር አደረጉት፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነገር ሁሉ «ይህ እኮ ተረት ነው» ብሎ መሸሽ አይቻልም።

ፊልሙ ዶሮቲ የምትባል፣ ባሏ ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ ባልሠራው ወንጀል የታሰረባት፣ በመንግሥት ድጎማ ልጇን የምታሳድግ ነፍሰ ጡር እናት ታሪክ ነው። ፅንሱን እንድታስወርድ የድጎማ ሠራተኛዋ ትጫናታለች። እኔን ከሁሉም በላይ የያዘኝ ድምፁ ነው። የቢሮ ጥያቄ፣ የመንገድ ሳይረን፣ የጎረቤት ክርክር አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል፤ ዶሮቲ ዝም ባለችበት ሰዓት እንኳ ጭንቅላቷ ውስጥ ያ ሁሉ ድምፅ ይጮሃል። በቢሮ ወረፋ ይዞ፣ ቅጽ ሞልቶ፣ በማያውቀው ቋንቋ ተጠይቆ የሚያውቅ ስደተኛ ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ዶሮቲ በፊልሙ ውስጥ ሰው ሠራሽ ፀጉር አድርጋ ነው የምትውለው፤ በመጨረሻ የምናያት ግን በራሷ ፀጉር ነው። ያ ፀጉር ሲወርድ ያለው ክብደት በአንድ ሙሉ ንግግር አይገኝም።

ወደ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ልመለስ፤ ምክንያቱም የትንኮሳቸው ስፋት እዚያ ነው ያለው። ፊልሙ የተቀረፀው እ.ኤ.አ. በ1974፣ ዘውዱ በመውደቅ ላይ ሳለና ደርግ ገና ሥር ባልሰደደበት ጊዜ፣ ሁለት ሳምንት በሚያህል ጊዜ ውስጥ፣ በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብና የአንድ ባለርስት ነው። ባለርስቱ ኮረብታ ላይ ወንበሩን አስቀምጦ፣ ኮቱንና ባርኔጣውን አድርጎ፣ የሌላ ሰው ጉልበት ቁልቁል ያያል፤ የሰነፉ መስለው የታዩትን በስድብ ያዋርዳቸዋል። ከብት ጠባቂዋ ልጅ በህልሟ አባትና እናቷ ቀንበር ተጭኖባቸው እንደ በሬ ሲጠመዱ ታያለች። ይህ ህልም የተሠራበት መንገድ ቀላል ነው፤ ብልሃት የለበትም፤ ሁለት ሰዎችና አንድ ቀንበር ብቻ ናቸው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በፊልሙ ውስጥ በሬ ባየሁ ቁጥር የማየው ሰውን ነው።

ርዕሱን አስቡት። ሦስት ሺህ ዓመት የሚለው ቁጥር እኔ በተማርኩበት ዘመን የሚነገረው በደረት መንፋት ነበር፤ የመንግሥት፣ የፊደል፣ የሐውልት ዕድሜ ነበር። ኃይሌ ያንን ቁጥር ወስደው ከአዝመራ ጎን አቆሙትና ሌላ ጥያቄ አደረጉት፦ ሦስት ሺህ ዓመት ታርሷል፤ ማን በላው? በፊልሙ ውስጥ ይህንን ጥያቄ በግልጽ የሚናገረው ከበበ የተባለው፣ ለአገሩ ከጣሊያን ጋር ተዋግቶ ሲመለስ መሬቱን የተነጠቀ፣ ሰው እንደ እብድ የሚቆጥረው ሽማግሌ ነው። በእኛ አገር እውነት ለእብድ፣ ለአዝማሪና ለሕፃን የተፈቀደች እንደሆነች ኃይሌ ከልጅነታቸው ያውቁታል። ከበበ ባለርስቱን በዱላ ገድሎ ራሱን ሲያጠፋ ፊልሙ አይፈነጥዝም። በዚያ ዓመት መሬት ለአራሹ እየተባለ ሲዘመር ለነበረው ወጣት የድል መዝሙር ያለበት ፊልም መስጠት እንዴት በቀለለ ነበር! ኃይሌ የሰጡት ለቅሶ ያለበት ፊልም ነው። የሚያስፎክር ነገር የሚጠብቅ ተመልካች ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እኔ ግን ለዚህ ነው የማደንቃቸው።

«ሳንኮፋ»ን የማውቀው በሌላ መንገድ ነው። በአካን ቋንቋ ሳንኮፋ ማለት ወደ ኋላ ተመልሰህ ያስቀረኸውን አምጣ እንደ ማለት ነው። ሞና የምትባል አሜሪካዊት ሞዴል በጋና ባሕር ዳርቻ ባለ፣ ባሪያዎች ይጫኑበት በነበረ ምሽግ ላይ ፎቶግራፍ ስትነሳ፣ ከበሮ መቺው ሽማግሌ ይጮህባታል፤ ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ ጊዜው ይዞራል፤ ሾላ የተባለች ባሪያ ሆና በሸንኮራ እርሻ ላይ ትነቃለች። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ተወዳድሯል፤ ይሁን እንጂ በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ትልቅ ኩባንያ አልተገኘም። ኃይሌና ባለቤታቸው፣ ራሳቸውም የፊልም ባለሙያ የሆኑት ሽሪኪያና አይና፣ አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ ፊልሙን አዞሩት። ቤተ ክርስቲያንና ማኅበር፣ ፀጉር ቤትና ሬዲዮ እየተቀባበለ ወሬውን አዳረሰው፤ ሰውም ወረፋ ይዞ ገባ። ኃይሌና ባለቤታቸው በዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ኃይሌ ከእ.ኤ.አ. 1975 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ካስተማሩበት ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ የመጻሕፍትና የፊልም መደብር የከፈቱት በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ነው፤ ስሙም ሳንኮፋ ነው።

እዚያ መደብር ውስጥ «ጤዛ»ን ልገዛ ገብቼ፣ መደርደሪያው ፊት አንዲት በዕድሜ የገፉ ጥቁር አሜሪካዊት አጠገቤ ቆሙ። በእጄ የያዝኩትን አዩና ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝ። ስነግራቸው እጄን ያዙ፤ «ሳንኮፋ»ን ከእናታቸው ጋር አዳራሽ ገብተው ማየታቸውን፣ ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ለረጅም ጊዜ ማንም ከመቀመጫው እንዳልተነሳ፣ እናታቸውም ወደ ቤት በሚመለሱበት መኪና ውስጥ ስለ ቅድመ አያታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደነገሯቸው አጫወቱኝ። ከዚያ ቀን በፊት በቤታቸው ውስጥ ያ ስም ተነስቶ አያውቅም። እጄን ሳይለቁ ያወሩኝ ስለ ፊልሙ ጥራት ወይም ስለ ተዋንያኑ አልነበረም፤ ስለ መኪናው ውስጥ ወሬ ነበር። «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ2021 በፊልም ዳይሬክተሯ አቫ ዱቨርኔይ ድርጅት በኩል ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ያሰብኩት እሳቸውን ነው፤ ስማቸውን ባለመጠየቄም ይቆጨኛል።

እንከን የሌለባቸው ፊልሞች ናቸው አልልም። በ«ሳንኮፋ» ውስጥ ያለው የካቶሊክ ቄስ ሰው ከመሆን ይልቅ የክስ ማስረጃ ሆኖ ይታየኛል። በ«ጤዛ»ም የጀርመኑ ክፍል አንዳንድ ቦታ ላይ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ሳይሆኑ በራሪ ወረቀት የሚያነቡ ይመስላሉ። ቀድሞ ይህንን እንደ ድክመት ብቻ እቆጥረው ነበር። አባቴ ግን አስተያየቴን አስለወጠኝ፤ ያ ትውልድ የሚነጋገረው እንደዚያው ነበር አለኝ፤ ፍቅሩንም ጠቡንም በበራሪ ወረቀት ቋንቋ።

«ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፤ በቬኒስ ፌስቲቫል ልዩ የዳኞች ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል የየነንጋን የወርቅ ፈረስ ሽልማት አገኘ። ታሪኩ ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ አገሩን ሊጠቅም የተመለሰው አንበርብር ነው። ፊልሙ ሲጀምር እ.ኤ.አ. 1990 ነው፤ አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ፣ ያሳለፈውን በከፊል ረስቶ፣ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። እናቱ ጸበል ትወስደዋለች። ትዝታው የሚመለስለት ቁርጥራጭ ሆኖ ነው፤ ፊልሙም እንደዚያው ይቆራረጣል፦ የጀርመን ተማሪዎች ክርክር፣ የአዲስ አበባ ፍርሃት፣ እንደገና የሐይቁ ጠዋት። የመንደሩ ወጣቶች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሌሊት ሌሊት ምግብ ይደርሳቸዋል። ጣሊያን ያቆመው ሐውልት ኮረብታው ላይ አሁንም አለ።

ብዙ ፊልም ሠሪ ስለ ቀይ ሽብር ሲሠራ ገዳዩን አንድ በኩል፣ ሟቹን ሌላ በኩል አቁሞ ለሟቹ ያለቅሳል። ኃይሌ ከዚህ የከበደውን መርጠዋል። እሳቸው የዚያ ትውልድ ሰው ናቸው፤ ጓደኞቻቸው በዚያ ክርክር ውስጥ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ካሜራውን ያዞሩት ወደ ገዛ ወገናቸው፣ ወደ ተማረው፣ አገሩን ከልቡ ወደሚወደው፣ ወንድሙን ደግሞ «ጠላት» ብሎ መጥራት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ለመደው ልጅ ነው። የአንበርብር የልብ ጓደኛ ተስፋዬ በአብዮቱ ስም ሲገደል ገዳዮቹ ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። ይህ ከማናቸውም ደም ይልቅ ያስደነግጣል። ደግሞም አንበርብርን ወደ ፍጹም ተጠቂ አይለውጡትም፤ ምን ያውቅ እንደነበረና መቼ ዝም እንዳለ ይጠይቁታል።

አባቴ ሊጠይቀኝ ከአዲስ አበባ የመጣው በብርድ ወራት ነበር። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ጋቢውን ተከናንቦ ሶፋው ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ፊልም ካልጣመው ይተኛል፤ ከጣመው ደግሞ ከተዋንያኑ ቀድሞ ይናገራል። «ጤዛ»ን ስከፍት ያየው እንደሆነ ጠየቅሁት። ስሙን መስማቱን እንጂ አለማየቱን ነገረኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሲታይ ጓደኞቹ ሄደው ነበር፤ እሱ አልሄደም። ለምን እንዳልሄደ አልጠየቅሁትም። በቤታችን ከ1966 እስከ 1970 ዓ.ም. ያሉት ዓመታት አይጠየቅባቸውም ነበር፤ ይህንን ማንም ሳይነግረኝ ነው ያወቅሁት።

ብርቱካን እየላጠ ማየት ጀመረ። የጀርመኑ ተማሪዎች አዳራሽ ውስጥ ሲከራከሩ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ከእነሱ እኩል ቃሉን እያለው ነበር። አንዴ ፈገግ አለ። የዋሻው ትዕይንት ሲመጣ ብርቱካኑን ሳህኑ ላይ አስቀመጠው፤ ግማሹ እንደተላጠ ነበር። ተስፋዬ የተገደለ ጊዜ ግን «አቁሚው» አለኝ። አቆምኩት። ስክሪኑ ላይ የቆመውን ምስል ለማየት ስለከበደኝ ተነስቼ ሻይ ልጥድ ወደ ማብሰያው ሄድኩ፤ ስመለስ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

«እናትሽ ሳጥን ውስጥ ያለው ቡናማው ሹራብ ትዝ ይልሻል?» አለኝ።

እንዴት ይረሳኛል። ክርኑ ያለቀ፣ አንገቱ የሰፋ ሹራብ ነው፤ እናቴ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ አውጥታ ፀሐይ ታስመታውና መልሳ ታስቀምጠዋለች። አባቴ ለብሶት አይቼ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ለምን ለተቸገረ ሰው እንደማይሰጥ ጠይቄ «ተይው» ተብያለሁ።

ሹራቡ የሁለት ሰው ነበር። ስድስት ኪሎ በተማሪነታቸው ዘመን አባቴና አንድ የአገሩ ልጅ ከምግብ ገንዘባቸው አጠራቅመው መርካቶ ገዙት፤ አንድ ቀን አንዱ፣ ሌላ ቀን ሌላው ይለብሰዋል። በኋላ አንዱ በአንደኛው ድርጅት፣ ሌላው በሌላኛው ሆኑ። አባቴ በየትኛው በኩል እንደነበረ ያን ሌሊት ነገረኝ፤ የነገረኝ ለእኔ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። መንገድ ላይ ሲተያዩ ሰላምታ መለዋወጥ ተዉ። በ1969 ዓ.ም. በአሰሳው ሰሞን አባቴ የትኛው ሰፈር በየትኛው ሌሊት እንደሚፈተሽ ቀድሞ ሰምቶ ነበር፤ ጓደኛው ማን ቤት እንደሚያድርም ያውቅ ነበር። ያን ዕለት በጣም ይበርድ ነበር አለኝ።

«ሹራቡን የለበስኩት እኔ ነበርኩ። የእኔ ተራ ነበር።»

ከዚያ በላይ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሻዩ ቀዘቀዘ። ኃይሌ ለዚህ ፊልም የኢትዮጵያውን ክፍል ከቀረፁ በኋላ የጀርመኑን ለመቅረፅ ገንዘብ እስኪገኝ ዓመታት መጠበቅ እንደነበረባቸው፣ ቀለል ያለ ታሪክ ቢመርጡ ገንዘቡም ስሙም ከዚህ ፈጥኖ ይመጣላቸው እንደነበረ አስባለሁ። ከተማሪዎቻቸው መካከል ዛሬ በዓለም የታወቁ እንደ ብራድፎርድ ያንግና አርተር ጃፋ ያሉ የፊልም ካሜራ ባለሙያዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ሙዚየም ሸልሟቸዋል። ይህ ሁሉ ይገባቸዋል፤ ያን ሌሊት ግን ያመሰገንኳቸው ለዚህ አልነበረም።

አባቴ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰብስቦ በእጁ ወደ ስክሪኑ አመለከተ።

«ከዋሻው ጀምሮ መልሺው» አለኝ። «እናቱን በደንብ አላየኋትም።»

መለስኩት።